ስስ አየር፣ ወፍራም አቧራ

ከአዲስ አበባ ማልዶ የተነሣ ሚኒባስ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ደብረ ብርሃን ሲገባ ተሳፋሪው ጋቢውን እየተከናነበ ይወርዳል። ሾፌሩ ደግሞ ተራው እስኪደርሰው ጎሚስታ ቤት ጎራ ይላል። የጋቢናውን ወንበር ያነሣል፤ የአየር ፊልትሮውን ከቤቱ ያወጣል፤ ጎማ ላይ ሁለት ሦስቴ ያንኳኳዋል። ከዚያ የኮምፕሬሰሩ ቱቦ ይቀርብና አቧራው ቡን ይላል። ፊልትሮው ተመልሶ ይገባል፣ ወንበሩ ይዘጋል፣ ረዳቱ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» ማለቱን ይቀጥላል። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ትዕይንት በብዙ የአገሪቱ መናኸሪያዎች የሚታይ ነው። የሚደረገው በቅንነት፣ መኪናን ለመንከባከብ ታስቦ ነው። ሆኖም የሞተሩን ዕድሜ የሚያሳጥር ልማድ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት መጀመሪያ ፊልትሮው፣ ያ የታጠፈ ወረቀት፣ ከፊቱ ምን እንደሚገጥመው፣ በተለይም በሰሜን ሸዋ ከፍታ ላይ፣ ማየት ያስፈልጋል።

በሚኒባስ ሾፌሮች ዘንድ «ፋይቭ ኤል» እየተባለ የሚጠራውን የቶዮታ ሃያስ የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። አራቱ ሲሊንደሮቹ በድምሩ 2,986 ሲሲ፣ ማለትም 3 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ሞተሩ አራት ምት ስለሆነ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው የዚህን ግማሽ ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 4,500 ሊትር አየር ይጠይቃል፤ ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ እንደማይሞሉ ብናስብ እንኳ 4,000 ሊትር አካባቢ ይገባል። ይህ በየደቂቃው 20 የናፍጣ በርሜል የሚሞላ አየር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበት፣ ከ700 ሜትር ኩብ በላይ አየር በዚያች አንዲት ወረቀት ውስጥ አልፏል። አንድ ሰፊ የገጠር ትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል ሦስት ጊዜ ተሞልቶ እንደ መጠጣት ያለ ነው።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 100 እጅ ውስጥ 71 እጅ ያህል ብቻ ነው። አየሩን የሚያወፍር ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 የነበረው ጉልበት ደብረ ብርሃን ሲደርስ ሰባ ምናምን ሆኗል። ከከተማዋ አልፎ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ጣርማ በር ዋሻ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያም ደብረ ሲናን አቋርጦ 1,280 ሜትር ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። አንድ ሞተር በግማሽ ቀን ውስጥ እንደ ተራራ ወጪም እንደ ቆላ ነዋሪም ይተነፍሳል።

ሾፌሩ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሲረግጥ መኪናዋ አትሰማውም፤ ማርሽ ይቀንሳል፣ በስተኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል። «ትንፋሽ አጥሯታል» ይላል፤ አባባሉም ትክክል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ለትንፋሽ ማጠር መድኃኒት ፍለጋ መለዋወጫ ቤት ሲገባ ነው። እዚያ ከወረቀቱ ፊልትሮ ጎን ሌላ ነገር ይቀርብለታል፦ በቀይ ዘይት የተነከረ የጥጥ ጨርቅ በሽቦ መረብ መካከል የተጣጠፈበት፣ ታጥቦ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል፣ «ጉልበት የሚጨምር» የተባለ ፊልትሮ። ስሙን በዓለም ያናኘው በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ኬ ኤንድ ኤን የተባለው ኩባንያ ነው፤ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ ዛሬ ብዙ ሌሎች አስመስለው ይሠሩታል።

ጉልበት ይጨምራል ወይ? እዚህ ላይ ሒሳቡ ራሱ ይናገር። ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ ለአየሩ የሚፈጥረው እንቅፋት ሞተሩ በኃይል ሲስብ እንኳ ከ1 እስከ 2 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ሞተሩ ደብረ ብርሃን ላይ በከፍታው ምክንያት ያጣው ግፊት ግን 30 ኪሎፓስካል ይጠጋል። የጥጡ ፊልትሮ የወረቀቱን እንቅፋት በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ያተረፈው ከ1 ኪሎፓስካል አይበልጥም። ከ30 ብር ዕዳ ላይ 1 ብር እንደ መክፈል ነው። ስስ የሆነውን አየር መልሶ የሚያወፍረው ተርቦ ነው፤ ለዚህም ነው ተርቦ የተገጠመላቸው የኋለኞቹ ሃያሶች በጣርማ በር ዳገት ፋይቭ ኤልን ጥለውት የሚሄዱት። ተርቦ በሌለው ናፍጣ ላይ ጥቁሩ ጭስ ከበዛ፣ ፖምፓውን ለከፍታው እንዲስማማ የሚያስተካክል ባለሙያ ከየትኛውም ፊልትሮ የበለጠ ይጠቅማል።

የታፈነ ፊልትሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአቧራ የተደፈነ ወረቀት እንቅፋቱ እስከ 6 ኪሎፓስካል ሲደርስ የከባድ መኪና አምራቾች «ይቀየር» ይላሉ። ቀድሞውንም በአየር እጥረት ለሚሠቃይ ሞተር ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። እዚህ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ደግ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒውተር ቁጥጥር የሚሠሩ የቤንዚን መኪናዎች ፊልትሯቸው ቢደፈንም የነዳጅ ፍጆታቸው እምብዛም እንደማይጨምር አሳይቷል፤ የሚጎዳው ፍጥነት የመጨመር አቅማቸው ነው። የቆየ ናፍጣ ግን የሚገባውን አየር ለክቶ ነዳጅ የሚቀንስ ኮምፒውተር የለውም። አየር ሲያጥረው ያልተቃጠለውን ናፍጣ ጭስ አድርጎ ያወጣዋል።

ጉልበቱ ይህን ያህል ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አቧራው እንምጣ።

የሰሜን ሸዋ ምድር እሳተ ገሞራ የሠራው ነው። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ ያሉት የአንኮበር ገደሎች በጥንት ዘመን በወጣ ትኩስ ድንጋይ ንብርብር የተገነቡ ናቸው፤ ጠጠሩም አፈሩም ከዚያው የተፈጨ ነው። በእንዲህ ያለ አቧራ ውስጥ ከሚገኙት ማዕድናት ብዙዎቹ ከሞተሩ ብረት የሚጠነክሩ ናቸው። ኳርትዝ የተባለው ማዕድን በጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ሲቆም ብረት 4 አካባቢ ነው። በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ደግሞ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሆነች፣ በዓይን የማትታይ ቅንጣት ሽፋኑን አልፋ ሁለቱንም ብረት ትሞርዳለች። ትልቁ ጠጠር አይደለም ሞተር የሚገድለው፤ ከመንገድ ተነሥቶ ቶሎ ሳያርፍ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ዱቄት ነው። ውጤቱ በወራት ውስጥ ይታያል፦ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ በብርዳማው የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ይወርዳል።

ታኅሣሥና ጥር ሌላም ነገር ይጨምራሉ። በየአውድማው ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ይወቃል፤ እብቁ በነፋስ እየተነሣ መንገዱን ያቋርጣል። እብቅ ለፒስተን አደገኛ አይደለም፤ ትልቅ ስለሆነ አያልፍም። የፊልትሮውን ፊት ግን እንደ ሣር ክዳን ይሸፍነዋል። ሾፌሩ አውጥቶ ሲያየው ጉድ ይላል፣ ወደ ኮምፕሬሰሩም ይሮጣል።

አቧራና ጉልበት ሲጋጩ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላኖቹን ወደ ማልታና ሰሜን አፍሪካ በረሃ ሲልክ ከአፍንጫቸው ሥር ቮክስ የተባለ ትልቅ የአየር ፊልትሮ ገጠመላቸው። ጉንጩ ያበጠ የመሰለው አውሮፕላን ፍጥነቱ በግልጽ ቀነሰ፤ አብራሪዎቹም አማረሩ። ለተዋጊ አብራሪ ፍጥነት ሕይወት ነው። ሆኖም አየር ኃይሉ ፊልትሮውን አውልቆ አልጣለም፤ የበረሃው አሸዋ ሞተሩን በአጭር ጊዜ ስለሚጨርሰው። መፍትሔው ግብፅ ውስጥ አቡኪር ላይ የሚገኘው የጥገና ክፍል አነስ ያለና የተሻለ ፊልትሮ ሠርቶ እስኪያወጣ ድረስ ጉልበትን መሥዋዕት ማድረግ ነበር። ከጠላት ጋር የሚሽቀዳደም አውሮፕላን ይህን ከመረጠ፣ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ አንኮበር የሚሄድ ሃያስ የሚመርጠው ግልጽ ነው።

ፊልትሮዎች የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ ፈተና አይሶ 5011 ይባላል። መጠኑና ዓይነቱ የታወቀ አቧራ በፊልትሮው ላይ ይነፋል፤ ምን ያህሉን እንደ ያዘና ምን ያህሉን እንዳሳለፈ ይመዘናል። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። በዘይት የሚነከሩ የጥጥ ፊልትሮዎች በአንዳንድ ሙከራዎች 97 በመቶ አካባቢ ላይ ሲቆሙ ታይተዋል። 97 ከ100 ለተማሪ ድንቅ ውጤት ነው፤ ለፊልትሮ ግን አይደለም። ቁጥሩን ከሌላው ወገን ማንበብ ይገባል። ፊልትሮው በዕድሜው ግማሽ ኪሎ አቧራ ይገጥመዋል እንበል። 99.5 በመቶ የሚይዘው ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈው 2.5 ግራም ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል። 97 በመቶ የሚይዘው 15 ግራም ያሳልፋል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንጋይ። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ነው።

የጥጡ ፊልትሮ ሌላም ጣጣ አለው። ከታጠበ በኋላ በልዩ ዘይት መነከር አለበት። ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያሳልፋል፤ ከበዛ ደግሞ ከአየሩ ጋር ተስቦ ይገባና፣ በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ የሚገባውን አየር የምትለካዋን ስስ ሴንሰር ይለብጣታል። ዘይቱ ሲያልቅ የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት የሚቀባም አለ። በየገበያው ትክክለኛው ማጠቢያና ዘይት በቀላሉ በማይገኝበት አገር፣ «ዕድሜ ልክ» የተባለው ፊልትሮ ዕድሜው ከመጀመሪያው እጥበት አያልፍም።

ወደ ጎሚስታ ቤቱ እንመለስ። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር እዚህ ላይ አለ፦ በመጠኑ የቆሸሸ የወረቀት ፊልትሮ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል። አዲስ ወረቀት ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ገና ክፍት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ቅንጣቶች ቃጫው ላይ ሲያርፉ ቀዳዳዎቹን ያጠባሉ፤ አቧራው ራሱ ለሚቀጥለው አቧራ ወንፊት ይሆናል። ጠላ በቃጫ ሲጠለል መጀመሪያ ላይ ድፍርስ ወጥቶ ኋላ ጥርት እንደሚለው ማለት ነው። በየጉዞው በኮምፕሬሰር የሚነፋ ፊልትሮ ይህን ጠቃሚ ሽፋን በየቀኑ ያጣል። ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር እስከ 8 ባር ግፊት ይይዛል፤ መንፋትን የሚፈቅዱ አምራቾች እንኳ ከ2 ባር ገደማ በላይ እንዳይሆንና ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲሆን ያዛሉ። ግፊቱ ሲበዛ ወረቀቱ በዓይን በማይታይ መጠን ሊሰነጠቅ ይችላል። ጎማ ላይ ማንኳኳቱ ደግሞ ከዳር ያለውን ጎሚኒ ያጣምማል፤ ከዚያ በኋላ አየሩ በወረቀቱ ሳይሆን በጎኑ ሾልኮ ይገባል። የሾለከው 100 በመቶ ያልተጣራ ነው።

ልማዱ ከየት መጣ? ምናልባት ከቮልስና ከላንድሮቨር ዘመን የተወረሰ ነው። እነዚያ መኪናዎች ወረቀት ሳይሆን በሥሩ የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት የብረት ማሰሮ ነበራቸው፤ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛው ወስደው ዲፕራተር ያሉት። አየሩ ዘይቱ ላይ ሲጋጭ አቧራውን ጥሎ ይሄዳል። በየጊዜው ከፍቶ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ አዲስ ዘይት መሙላት ግዴታ ነበር፤ ትጉህ ሾፌር የሚባለውም ቶሎ ቶሎ የሚያጥብ ነበር። ፊልትሮው ወደ ወረቀት ሲቀየር ትጋቱ ሳይቀየር ቀረ። አባቶች ያወረሱት ጥንቃቄ ትክክል ነበር፤ የተለወጠው ዕቃው ነው።

እንግዲህ ወረቀት ይሁን ከተባለ፣ የፋብሪካው ነው ወይስ የሌላ? በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ አንድ የሃያስ ፊልትሮ የጠየቀ ሰው «ኦርጅናል ይሁንልህ ወይስ ሌላው?» መባሉ አይቀርም። ኦርጅናሉ በቶዮታ ሣጥን የታሸገ፣ የዕቃ ቁጥሩ 17801 ብሎ የሚጀምር ነው፤ ይህ ቁጥር ቶዮታ ለአየር ፊልትሮ የሰጠው መለያ ነው። በአገር ውስጥ የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮም ይህንኑ ይሸጣል። ግን ቶዮታ ፊልትሮ የሚያሠራቸው እንደ ዴንሶና ቶዮታ ቦሾኩ ያሉ ኩባንያዎች በራሳቸው ስምም ይሸጣሉ። የጀርመኖቹ ማን እና ማህሌ፣ የጃፓኑ ቪክ፣ የኢንዶኔዥያው ሳኩራም ለብዙ መኪናዎች የሚሆን ወረቀት የሚሠሩ የታወቁ ስሞች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን፣ ልኩ ትክክል እስከ ሆነ ድረስ፣ በዝቅተኛ ዋጋ የገዛ ሰው አልተታለለም። «ኦርጅናል ካልሆነ አይሆንም» የሚለው አቋም ከልክ ያለፈ ነው።

የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው፤ የታወቀ ስም ለብሶ የሚመጣው ሐሰተኛ። ሣጥኑን መምሰል ቀላል ስለሆነ ሣጥኑን ማመን አያዋጣም። ፊልትሮውን አውጥቶ እጥፋቶቹን መመልከት ነው፦ እኩል ተራርቀዋል? ሲነኩ ይተኛሉ ወይስ ቀጥ ብለው ይቆማሉ? ጎሚኒው ሲጫኑት ይመለሳል ወይስ እንደ ደረቀ ላስቲክ ነው? የስልክ መብራት ከኋላው አብርቶ ማየትም ይረዳል፤ ጥሩ ወረቀት ብርሃኑን ፈዘዝ አድርጎ በእኩልነት ያሳያል፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ደማቅ ነጥብ ከታየ ያ ፊልትሮ ወደ መደርደሪያው ይመለስ። አሮጌውን ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን መለካት ከሻጭ ምስክርነት ሁሉ ይበልጣል። ቁመቱ በ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፊልትሮ ክዳኑ ሲዘጋ የገጠመ ይመስላል፤ ግን አልገጠመም።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ከወትሮው የበለጠ ዋጋ አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ አንድ ሞተር ሲያልቅ መኪናውን በሌላ መተካት ከባድ መሆኑን ባለ መኪናው ሁሉ ያውቃል። በእጅ ያለው ሞተር መክረም አለበት።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ መሬቱ በድንገት ያልቃል፤ አንኮበር ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ የአፋርን ቆላ ትመለከታለች። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ የነበረችው ይህች ከተማ በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ሃሪስ የተመራውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የተቀበለችው፣ ቡድኑ ከታጁራ ተነሥቶ በበረሃው አቋርጦ በአልዩ አምባ በኩል በበቅሎ ሽቅብ ከወጣ በኋላ ነበር። የሲራራው አቧራ የበቅሎ ሳንባ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ዛሬ የሚገባው ፊልትሮ ውስጥ ነው። በወረዳው ቀበሌን ከቀበሌ በሚያገናኙት የአፈርና የጠጠር መንገዶች ላይ ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ የፊተኛው መኪና አቧራ የኋለኛውን ይውጠዋል። እዚህ የሚሠራ መኪና በአስፋልት ብቻ ከሚመላለሰው ጋር አንድ ዓይነት የመቀየሪያ ጊዜ ሊኖረው አይችልም። የአምራቾች መመሪያም በአቧራ መንገድ ለሚሄድ መኪና ምርመራውን ቶሎ ቶሎ እንዲሆን የሚያዘው ለዚህ ነው። ምርመራ ማለት ግን መንፋት አይደለም። ከፊተኛው መኪና ራቅ ብሎ መንዳት፣ አቧራው እስኪያርፍ ትንሽ መታገሥ፣ ፊልትሮውን ከመጠበቅ ጋር የተሳፋሪውንም ሳንባ ይጠብቃል።

ብያኔው እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ መንገድ ለሚሠራ ሚኒባስ የሚበጀው የወረቀት ፊልትሮ ነው፤ የፋብሪካው ወይም ስሙ የታወቀ አምራች የሠራው፣ ልኩ የገጠመ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚጣል። በዘይት የሚነከረው የጥጥ ፊልትሮ ከአስፋልት ለማይወጣ መኪና ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ለአንኮበር አቧራ ግን አይሆንም።

መኪና ያለህ አንባቢ፣ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ነጭ ጨርቅ ያዝ። ፊልትሮውን አውጣና ከእሱ በኋላ ያለውን፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቧንቧ ውስጡን በጨርቁ ጥረገው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ ፊልትሮህን መልሰህ ግጠምና ተወው። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ግን ወንበሩን ከመዝጋትህ በፊት ፊልትሮውን ቀይር፣ የጎሚኒውንም መቀመጫ ፈትሽ፤ በዚያ ቧንቧ ላይ ያገኘኸው አቧራ ሞተርህ ውስጥ ሲገባ የቆየው ነው።